ለአንድ ኔትወርክ ሁለት ጊዜ ስም አወጣሁ

ጡረታ ስወጣ በተሰጠኝ የምስክር ወረቀት ላይ የታተመው የመሥሪያ ቤት ስም፣ ስቀጠር በደብዳቤዬ ላይ ከነበረው ስም ጋር አንድም ቃል አይጋራም። ሕንፃው ግን ያው ነው። ከሚሴ ላይ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በክረምት ባጃጅ የሚጣበቅበት ጭቃ መንገድ ዳር ያለው ባለ አንድ ፎቅ። በእኔ ዘመን ያ መሥሪያ ቤት ተዋሕዷል፣ ተከፍሏል፣ እንደገና ተዋሕዷል፤ መምሪያም ጽሕፈት ቤትም ሆኗል። ለውጥ በመጣ ቁጥር ደስ የሚለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም የከተማው ታፔላ ጸሐፊ ነው። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ብጠራስ የትኛውን ልጥራ?

የተቀጠርኩት በታይፒስትነት ነው። ጡረታ የወጣሁት በኔትወርክ ባለሙያነት። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ሳስበው ዛሬም ልቤ ይዘላል፤ ከሥራ ደክሟት እንደወጣች ሴት ማውራት አልችልበትም።

የመጀመሪያው ኮምፒውተር ሲመጣ የኃላፊው ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፣ ጸሐፊዋም ከቤቷ ባመጣችው ዳንቴል ሸፈነችው። ለአራት ወር ማንም አላበራውም። እንግዳ ሲመጣ ዳንቴሉ ተገልጦ ይታያል፣ ተመልሶ ይሸፈናል። እኔ የጽሕፈት መኪናዬ ሪባን ባለቀበት ቀን፣ አስቸኳይ ደብዳቤ ስለነበረ፣ ኃላፊውን አስፈቅጄ ዳንቴሉን አነሳሁት። አንዷን ፊደል ተሳስቼ ስመታ፣ ወረቀት ሳላበላሽ መልሼ ያጠፋኋትን ቅጽበት አልረሳትም። ስምንት ዓመት ሙሉ በአንዲት ፊደል ስህተት ገጽ ስቀዳድ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ጽሕፈት መኪናው አልተመለስኩም።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ ኢብራሂም ናቸው። እኛ ጋ የጥገና ሠራተኛ ሆነው ከመምጣታቸው በፊት፣ ከኮምቦልቻ እስከ ሸዋ ሮቢት ባለው መስመር የስልክ እንጨት ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ኮምፒውተር እምብዛም አያውቁም፤ ሽቦ ግን ያውቁ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግራቸው ግማሽ አማርኛ ግማሽ ኦሮምኛ፣ ኪሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ጥቅል የቁስል ፕላስተርና አንድ የማይለቅ እስክሪብቶ የሚይዙ። አንድ ኬብል ከመሰካታቸው በፊት ፕላስተር ቆርጠው ይጠቀልሉበታል፣ ይጽፉበታል፣ ከዚያ «ቢስሚላህ» ብለው ይሰካሉ። ሳይጻፍበት የተሰካ ኬብል ካዩ ይነቅሉታል። ሰውየው ሥራ ላይ ይሁን አይሁን ግድ የላቸውም።

ኬብል መሥራት ያስተማሩኝ አሮጌ ስጋጃ አንጥፈው መሬት ላይ አስቀምጠውኝ ነው። ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦዎች መፍታት፣ በቀለማቸው ተራ መደርደር፣ በአውራ ጣት አስተካክሎ እኩል መቁረጥ፣ ሳይላቀቁ የፕላስቲክ መሰኪያዋ ውስጥ ማስገባት፣ ከዚያ መቆንጠጫው «ቀጭ» ሲል መስማት። አርባውን ያህል አበላሽቼ አርባ አንደኛውን ስሰካ ኬብሎቹ ሁሉ የሚገናኙበት ስዊች ላይ አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለች። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ጋሽ ኢብራሂም ግን መብራቷን ትተው ፕላስተሩን ነበር ያዩት። «የአቶ ከድር ኮምፒውተር» ብዬ ጽፌበት ነበር።

ነቀሉት። «ከድር ነገ ባቲ ቢዛወርስ?» አሉኝ። «ሰው ይዛወራል፣ ወንበር ይዛወራል። ግድግዳ ግን ዝውውር አይጠይቅም። የግድግዳውን ጻፊ።»

በወጣትነታቸው የስልክ ሣጥን ውስጥ መስመሮቹን በባለሥልጣናት ስም ጽፈው፣ ሹም ሽር በመጣ ማግስት የአንዱን ስልክ ለሌላው ሲያገናኙ ከርመው ኖሯል። ያን ጊዜ ማን ምን እንደሰማ አልነገሩኝም፤ ሲያስታውሱት ግን ጭንቅላታቸውን ይነቀንቁ ነበር። ከዚያ ወዲህ የእኛ ኬብሎች ሁሉ «ሰሜን ግድግዳ፣ ሁለተኛ መስኮት» የሚል ነበር የሚጻፍባቸው።

የገጠር መሬት ምዝገባ ሲመጣ ሥራችን ሌላ መልክ ያዘ። ገበሬው የይዞታ ደብተር ተሰጠው፤ የማን ማሳ የት ነው፣ ወሰኑ ከማን ጋር ነው የሚለው ሁሉ ወደ ኮምፒውተር መግባት ጀመረ። ዋናው የወረቀት መዝገብ በየቀበሌው ታስሮ መጋዘን ገባ። የማን ገጽ በየትኛው እስር ውስጥ እንዳለ የሚያውቀው ግን ኮምፒውተሩ ብቻ ሆነ። ያን ጊዜ ይህን እንደ ሥልጣኔ ነበር ያየሁት።

በሚሊኒየሙ ማግስት ሰርቨር መጣልን። ሳጥኑን የከፈትንበት ቀን ለእኔ ዒድ ነበር። እስከዚያ ድረስ ማሽኖቻችን እንደ ጎረቤት ነበሩ፤ ይተዋወቃሉ፣ ግን እያንዳንዱ በራሱ ቤት ነው። ሰርቨር ሲመጣ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ይገባሉ፣ ለቤተሰቡም አንድ የጋራ ስም ይወጣል። ዶሜይን ይሉታል። እያንዳንዱ ማሽን፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም ሌላውን የሚያውቀው በዚያ ስም ነው። ተከላው አንድ ቦታ ላይ ይቆምና ባዶ ሣጥን አውጥቶ ይጠይቃል፤ ስሙ ማን ይሁን? የምትሞላው አንድ መስመር ናት።

የዚያን ጊዜው ኃላፊያችን አቶ መሐመድ ኑር ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ሥራ የሚወዱ፣ ሠራተኛ የማያስለቅሱ። ሦስት መሥሪያ ቤቶች በቅርቡ ተዋሕደው በእሳቸው ሥር ስለገቡ ኩራታቸው ገና ትኩስ ነበር። አዲሱ የተዋሐደው ስም ረጅም በመሆኑ ምህጻረ ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፈው ሰጡኝ። ጠዋት ጠዋት ሠራተኛው ኮምፒውተሩን ሲከፍት አንድ መሥሪያ ቤት መሆናችንን ስክሪኑ ላይ እያየ ይግባ አሉኝ። ሐሳቡ ማረከኝ። ኃላፊ ወረቀት ጽፎ ሲሰጠኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ጋሽ ኢብራሂም አጠገቤ ቆመው አነበቡትና «ይህ ግድግዳ ነው ወይስ ሰው?» አሉኝ። ሳቅሁ። ጻፍኩና «ቀጥል» የሚለውን ተጫንኩ።

ዓመት ሳይሞላ መሥሪያ ቤቱ ተከፈለ።

ግማሹ ፎቅ ለአዲሱ መሥሪያ ቤት ተሰጠ፣ አቶ መሐመድ ኑር ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። የተለዩት ሠራተኞች ጠዋት ሲገቡ ስክሪናቸው ላይ የፈረሰው መሥሪያ ቤት ስም ይወጣባቸዋል። አንዱ «የሞተ ሰው ስም እየጠራችሁ ታስገቡናላችሁ» ብሎ አቤቱታ ጻፈ። ተጠባባቂው ኃላፊ ባስቸኳይ ይቀየር አሉ።

አልፈራሁም። እንዲያውም ደስ አለኝ። የዶሜይን ስም መቀየር እንደሚቻል መመሪያው ላይ አንብቤ ነበር፤ በዞኑ ማንም ሠርቶት አያውቅም፤ እኔ ልሠራው ነው። ቅዳሜና እሑድ ይበቃኛል አልኩ። ጋሽ ኢብራሂም የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ባክአፑን፣ የመዝገቡን መጠባበቂያ ቅጂ፣ ከፍቼ አይቼው እንደሆነ። ተቀድቷል አልኳቸው። መቅዳት ሌላ፣ መክፈት ሌላ መሆኑን ነግረውኝ ሄዱ። ነገር ሲበዛ አይወዱም።

ሰኞ ጠዋት የሆነው ይኸው ነው። ቅዳሜና እሑድ ጠፍተው የቆዩት ማሽኖች በሙሉ ሲበሩ የድሮውን ስም ይፈልጋሉ፣ አያገኙም፣ ይቆማሉ። ይህ በልፋት የሚስተካከል ነበር። የመሬት መዝገቡ ፕሮግራም ግን ሰርቨሩን የሚያውቀው በአሮጌው ስሙ ነው፤ በአዲሱ ስም ስንጠራው በሩን ዘጋብን። ወደነበረበት ልመልስ ብዬ የቀዳሁትን ዲስክ ብከፍተው ግማሹ ባዶ ነው። ለካ ቅጂው ለሁለት ወር መሐል መንገድ ላይ እየተቋረጠ ኖሯል። የሰባት ወረዳና ከተማ መሬት የተመዘገበበትን በር ቆልፌ ቁልፉን የጣልኩት እኔ ነኝ።

ተጠባባቂው ኃላፊ ምን እናድርግ ሲሉኝ አንድ ወረቀት አተምኩና በሩ ላይ ለጠፍኩ። «ኔትወርክ የለም» ይላል። አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ወረቀት ነው። ማንም ለምን አይልም፤ እንደ ዝናብ ነው የሚታየው። እገሌ አጠፋው አይባልም።

አዴ ፋጡማ የመጡት በዚያው ሰኞ ነው፤ አዴ በኦሮምኛ ትልቅ ሴት በአክብሮት የምትጠራበት ነው። ከጨፋ ሮቢት ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው ሴት። የባላቸው ወንድም ማሳቸው ውስጥ ወሰን ገፍቶ ገብቶ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነበር። ሐሙስ ቀጠሮ አለ፤ ዳኛው የመዝገቡን ማኅተም ያለበት ግልባጭ ይዘሽ ነይ ብሏቸዋል። የፈለጉት አንድ ገጽ ነው። አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ማክሰኞም መጡ። ረቡዕም መጡ። በአጠገባቸው ሳልፍ ስልክ የማወራ መስዬ ነበር የማልፈው። ረቡዕ ከሰዓት ያዙኝ።

«ኢንተላኮ፣ ልጄ፣ ይኸ ኔትወርክ የሚሉት ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከላይ ነው፣ አዴ» አልኳቸው።

«የላዮቹ ነገ ሐሙስ መሆኑን ነግረሻቸዋል?»

ነግሬያለሁ አልኳቸው። ይህንን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል። ሴትዮዋ አልጮሁም፣ አልተሳደቡም። «አላህ ያግራልሽ» ብለውኝ ሄዱ።

ከችግሩ ያወጡን ጋሽ ኢብራሂም ናቸው። መሳቢያቸው ውስጥ በየወሩ የሚያስቀምጡት የራሳቸው ቅጂ ነበራቸው፤ ፕላስተር ላይ «ተከፍቶ የታየ» የሚል ተጽፎበታል። አንድ ወር ወደኋላ የቀረ ነው፤ እሱን ይዘን ሰርቨሩን ከነአሮጌ ስሙ መለስነው፣ የጎደለውን ወር ከወረቀት እያነበብን አስገባን። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መዝገቡ ተከፈተ። የመጀመሪያዋን ገጽ ያተምኩት የአዴ ፋጡማን ነው። ዓርብ ተመልሰው መጥተው ነበር። ወረቀቱን ተቀበሉኝ፣ አጥፈው በመቀነታቸው ሥር አስገቡት። ቀጠሮው ግን ትናንት አልፏል። በኋላ ከሰው እንደሰማሁት፣ ዳኛው «ኔትወርክ የለም አሉኝ» የሚለውን በየቀኑ ስለሚሰማ አላመናቸውም፤ ጉዳዩን ወደ ኅዳር ቀጠረ፤ እስከዚያው ማሳው በያዘው ሰው እጅ ይቆይ አለ። የያዘው ሰው ዘራው፣ አጨደውም። በኅዳር አዴ ፋጡማ በዚያች ገጽ መሬታቸውን አስመለሱ። የዚያን ዓመት ማሽላ ግን ሌላ ሰው በላው።

ለእኔ ምንም አልመጣብኝም። ተግሣጽ እንኳ አልተጻፈልኝም። እንዲያውም ሰርቨሩን በአምስት ቀን መለሰች ተብዬ ስብሰባ ላይ ተጨበጨበልኝ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ያ የፈረሰ መሥሪያ ቤት ስም በየስክሪኑ ላይ እየወጣ ኖርን። ሁለት መሥሪያ ቤቶች በሟቹ ስም ይገባሉ፣ ይወጣሉ። አዲስ ሠራተኛ ምንድን ነው ይኸ ስም ብሎ ሲጠይቀኝ ወሬ እቀይር ነበር።

እንግዲህ ወደ ደስታዬ ልመለስ። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ዓመት ሲቀረኝ ትልቁ ማሻሻያ መጣ። አዲስ ሰርቨር፣ ወረዳዎቹን ሁሉ የሚያገናኝ መስመር፣ ከባሕር ዳር ጋር በቀጥታ። ሁሉም ነገር ከዜሮ ይተከላል ተባለ። ከዜሮ! ያቺ ባዶ ሣጥን እንደገና ልትመጣልኝ ነው። እንዲህ ያለ ዕድል ሰው በሥራ ዘመኑ ሁለት ጊዜ አያገኝም።

በዚህኛው ጊዜ ሰው ጠየቅሁ፣ አነበብኩ፣ የክልሉን ባለሙያዎች በስልክ አሰለቸኋቸው። የነገሩኝ ነገር እኛ አገር ሰው ከማንም ቀድሞ የሚገባው ሆኖ አገኘሁት። የኔትወርክ ስም ልክ እንደኛ ስም ነው፤ ከፊት የልጅ፣ ቀጥሎ የአባት፣ ከዚያ የአያት። ፋጡማ አህመድ ዓሊ እንደምንለው። አሮጌው ስማችን አባት አልነበረውም፤ ጫፉ ላይ የለጠፍኩት ከመጽሐፍ ላይ ያየሁትን የፈጠራ መጨረሻ ነው። ለብቻህ ስትኖር አባት የሌለው ስም ችግር የለውም፤ ከዘመድ ጋር ስትቀላቀል ግን ማንነትህን ማስረዳት ያቅትሃል። የሰው አባት ደግሞ መዋስ አይቻልም፤ ክልሉ በሕግ ያስመዘገበው የራሱ ስም አለ፣ በእሱ ሥር ልጅ ሆነን እንገባለን። የአባትን ስም እንዳለ መውሰድም ክልክል ነው። አባትና ልጅ አንድ ስም ከያዙ፣ ከቤት ውስጥ ሆነህ አባትየውን ስትጣራ ልጁ «አቤት» ይልሃል፤ የክልሉን ድረ ገጽ ስትፈልግ የራስህ ሰርቨር ይመጣብሃል። ይህን ሁሉ ለሠራተኛው ሳስረዳ አንድም ሰው አልጠፋበትም። ሌላ አገር ያሉ ባለሙያዎች ለዚህ ስንት ገጽ ይጽፋሉ!

የቀረው የልጁ ስም ነበር። ጋሽ ኢብራሂምን ልጠይቅ ብዬ ሰኞ በሚኒባስ ባቲ ሄድኩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ልጃቸው ጋ ነበር የሚኖሩት። ገበያው ከአፋር በወረደና ከደጋ በመጣ ሰው ሞልቶ ፍየል ተራው አጠገብ ጥላ ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ እንዲሁ የሰው ፍየል ዋጋ ለመስማት።

«አካም ቡልቴ፣ ዘይነባ» አሉኝ። ስለ ሰርቨሩ፣ ስለ አባትና ልጁ፣ ስለ አዲሱ መስመር በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩላቸው። በደንብ ሰሙኝ። ከዚያ ስም ይነግሩኛል ብዬ ስጠብቅ «ያቺን ሴትዮ ነግረሻታል?» አሉኝ።

ማንን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። ለአዴ ፋጡማ አልነገርኳቸውም አልኩ።

«እኔ የሰው ስልክ ስቆርጥ ሄጄ እነግረው ነበር። አንዳንዱ ይሰድበኛል፣ አንዳንዱ ሻይ ያጠጣኛል» አሉኝ። ከዚያ ስለ ፍየል ማውራት ጀመሩ። ስም ሳልይዝ ተመለስኩ።

ስሙን የሚወስነው ስብሰባ ላይ ሰባት ሰው ነበርን። አዲሷ ኃላፊያችን ወይዘሮ ሰዓዳ ብርቱ ሴት ናቸው፤ አጀንዳውን በአምስት ደቂቃ ሊጨርሱት ነበር የመጡት። የመሥሪያ ቤታችን ምህጻረ ቃል ይሁን አሉ። ስማችን ይታወቅ፣ ይተዋወቅ። የዕቅድ ባለሙያው ራዕያችንን የሚገልጽ ቃል ቢሆን አለ። ሁሉም ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ታሪክ ሊደገም ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል። የአዴ ፋጡማ የሦስት ቀን አግዳሚ ወንበር ዓይኔ ላይ ነበር፤ አሁን ዝም ካልኩ ሌላ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

ተነሣሁ፣ ነገርኳቸው። አሮጌው ስም ለምን እስከ ዛሬ እንዳለ፣ ማን እንዳወጣው፣ ማን ሊቀይረው ሞክሮ መዝገቡን እንደቆለፈው፣ በሩ ላይ ወረቀቱን ማን እንደለጠፈው፣ አንዲት ሴት የአንድ ዓመት እህሏን እንዴት እንዳጣች። ካጨበጨቡልኝ ሰዎች ሁለቱ እዚያው ተቀምጠዋል። ስጨርስ ወይዘሮ ሰዓዳ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና «እሺ፣ የማይዛወር ስም አምጡ» አሉ።

ከዚያ ስብሰባው ሞቀ። ጨፋ ይባል ተባለ፤ ሌሎቹ ወረዳዎች ይቀየማሉ ተባለ። የሃይማኖት ነገር አይግባ፣ የሰው ስም አይግባ፣ ኦሮምኛውም አማርኛውም የኔ የሚለው ይሁን ተባለ። እኔ ቦርከና አልኩ። ወንዝ ሹመት አይጠብቅም፣ አይዋሐድም፣ አይከፈልም። ከባቲ የመጣው ባለሙያ እጁን አወጣ። ቦርከና ባቲን አይነካም አለ። መዝገብ ያዡ ዞር ብሎ ቦርከና ወርዶ አዋሽ እንደሚገባ፣ አዋሽ አፋር እንደሚወርድ፣ የባቲ ገበያተኛ ግመሉን የሚያጠጣው እዚያ መሆኑን አስረዳው። ሁላችንም ሳቅን። የባቲው ሰው «እንዲያ ከሆነ ይሁን» አለ። ቃለ ጉባኤ ተያዘ።

ተከላው ያቺ ባዶ መስመር ጋ ሲደርስ ወይዘሮ ሰዓዳም መጥተው ከኋላዬ ቆመው ነበር። ልጁን ጻፍኩ፣ ነጥብ፣ አባቱን፣ ነጥብ፣ አያቱን። «ቢስሚላህ» ብዬ ተጫንኩ። ከመትከላችን በፊት ባክአፑን ሦስት ጊዜ ከፍተን አይተነዋል፤ ሁለተኛ ማን ይሞኛል! ማሽኖቹ አንድ በአንድ ሲገቡ፣ ወረዳዎቹ ከየቦታቸው እየደወሉ «ገባን፣ ገባን» ሲሉኝ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ ኮሪደሩን ከጫፍ ጫፍ ሄድኩት። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። አንድ ቦታ መቆም አቃተኝ።

ጡረታዬ ሊደርስ ወራት ሲቀሩት መሥሪያ ቤቱ እንደገና ተዋሐደ። ደብዳቤው መጣ፣ ማኅተሙ ተቀየረ፣ ኃላፊዎች ቢሮ ተለዋወጡ። ሰርቨሩ ግን አልሰማም። ጠዋት ሰው ሁሉ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሥራውን ቀጠለ። አንድም ስልክ አልተደወለልኝም። በሥራ ዘመኔ ካገኘሁት ምስጋና ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

በዚያው ሳምንት አዴ ፋጡማ መጡ። ከማሳቸው ግማሹን ለልጃቸው ሊያስተላልፉ ነበርና ግልባጭ ፈለጉ። አርጀት ብለዋል፣ ዓይናቸው ግን ያው ነው። ስማቸውን ከነአባት ከነአያት ጻፍኩ፤ ገጹ ወዲያው ወጣ። ወረቀቱ ገና ሙቀት ነበረው። ሊነሡ ሲሉ ይቀመጡልኝ አልኳቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። ያኔ ኔትወርኩ እንዳልጠፋ፣ እኔ እንዳጠፋሁት። ከላይ ነው ያልኳቸው ውሸት መሆኑን።

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ወላሂ፣ እኔ እኮ ይኸን ሁሉ ዓመት ዳኛውን ነው የረገምኩት» አሉ። «በየዱዓው ላይ ስሙን እየጠራሁ። የሰው ሐቅ አለብኝ ማለት ነው?»

ይህን አልጠበቅሁም። አውፍ እንዲሉኝ፣ ይቅር እንዲሉኝ፣ ልለምን ነበር የተዘጋጀሁት፤ እሳቸው ግን ለራሳቸው አውፍ የሚላቸው ሰው መፈለግ ያዙ። ዳኛው የት ነው አሉኝ። ከዞኑ ከወጣ ቆይቷል። ያን ሳምንት ሥራዬን ትቼ ስልክ ስደውል ዋልኩ፤ ከአንድ የድሮ ሬጅስትራር ቁጥሩን አገኘሁና አዴ ፋጡማን አስጠራኋቸው። ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት። ማን እንደሆኑ፣ ምን እንደበደሉት፣ በጠራ አማርኛ ነገሩት። ጉዳዩን አላስታወሰውም። መሬቱ እንደተመለሰላቸው ጠየቃቸው። መመለሱን ሲሰማ አልሐምዱ ሊላህ አለ፣ አውፍ አላቸው፤ እሱም ያን ቀን ቃላቸውን ባለማመኑ አውፍ እንዲሉት ጠየቃቸው። አሉት። ስልኩን ሲመልሱልኝ ፊታቸው በርቶ ነበር።

«የእኔስ፣ አዴ?» አልኳቸው።

«ያንቺን ገና አላልኩም» አሉኝ። «ኅዳር ላይ ጅጌ አለብኝ። ማጭድ ትይዣለሽ?»

ይዤ አላውቅም፤ ከሚሴ ተወልጄ ያደግሁ የከተማ ልጅ ነኝ። እይዛለሁ አልኩ። ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ በማለዳ ሚኒባስ ጨፋ ሮቢት ወርጄ ጠበቅኋቸው። ለማጨድ የተጠራው ጎረቤት ሁሉ ወጥቷል፣ ማሽላው ከእኔ ቁመት በላይ ነው፣ ጠዛው ገና አልረገፈም። መስመር ሰጡኝ። እስከ ዙህር ድረስ አጨድኩ፤ እጄ ተላጠ፣ ወገቤ ተቆረጠ፣ ግን ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ቀና ብዬ ወደኋላዬ ስዞር አዴ ፋጡማ በመስመሬ እየተከተሉ፣ እኔ አጨድኩ ብዬ ያለፍኩትን እንደገና እያጨዱ፣ የረገጥኩትን የማሽላ ራስ እየለቀሙ ነው። ምሳ ቀርቦ ሁላችን ስንቀመጥ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ፣ ከገንፎው በእጃቸው ቆርሰው አጎረሱኝ።

«አውፍ ብዬሻለሁ፣ ኢንተላኮ» አሉኝ። «ነገ ግን እንዳትመጪ።»